ከአጥሩ ውጭ የቀረችው ማርታ

መርካቶ ፕላስቲክ ተራ ሳልፍ፣ ሙስሊሞች ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚታጠቡበትን አፈ ቀጭን አረንጓዴ ማንቆርቆሪያ ተደርድሮ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። የእኔ ዘመን ሰው ልጅነቱን ሲያነሳ ፊቱ ይበራል፤ እኔም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነኝ። የአሰብ ልጅ የሆነ ሰው ካገኘሁ ሥራዬን ትቼ አወራለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ደስ የሚል ትዝታ መካከል አንድ ቀን አለ። እሱን ሳስብ የሚሰማኝ ናፍቆት አይደለም፤ ያቅለሸልሸኛል።

ያደግነው አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን የሚባል ሰፈር ነው። እዚያ ያደገ ሁሉ ያስታውሳል፦ ከረፋድ ጀምሮ የጣራው ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ እንኳን ከዳቦ ቤት ምድጃ አፍ የወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል። የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከበይሉል የመጡ የአፋር ሴቶች በቆርቆሮ ባልዲ የሚያዞሩት የፍየል ወተት፣ ሁሉም ተደባልቆ የሰፈራችን ሽታ ያ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጭነት የሚጠብቁት የአዲስ አበባ ተሳቢዎች ጥላ ሥር ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ረዳቶቹ ጎማ ሥር እንዳንገባ ይቆጡናል፣ ወዲያው ደግሞ ከደጋ ያመጡትን ሸንኮራ ይሰብሩልናል። ማታ ማታ የገመድ አልጋ ግቢ አውጥተን እንተኛለን።

አባዬ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ፣ ከአዲግራት በኩል የመጣ ካቶሊክ ነበር። እማዬ የደሴ ልጅ ናት፤ ወደ ካቶሊክ የገባችው እሱን ስታገባ ነው። ጎረቤቶቻችን ባለሱቁ ጋሽ ሰኢድና ሚስቱ እትዬ ዘሐራ ደግሞ ከኮምቦልቻ የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ። እማዬና እትዬ ዘሐራ በሰው አገር የተገናኙ ወሎዬዎች ስለነበሩ በሁለቱ ግቢ መካከል ከነበረው አጥር አንድ ቆርቆሮ አስነቅለው መተላለፊያ አበጅተዋል። ለበዓል የእነሱ ሥጋ በእነሱ ድስት፣ የእኛ በእኛ ድስት ይሠራል፤ ሳቁ ግን አንድ ላይ ነበር። እማዬ በተከፋች ጊዜ እትዬ ዘሐራ በዚያች ቀዳዳ ብቅ ብላ «አብሽሪ»፣ አይዞሽ፣ ስትላት፣ ቃሉ ራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይመስለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት ትንሽ ነጭ ቤት ነበር። ቋሚ ቄስ አልነበረንም፤ አባ ያዕቆብ የሚባሉ ሽማግሌ ካህን በዓመት ጥቂት ጊዜ ከአስመራ ይመጡ ነበር። በቀረው ጊዜ የሁሉ ነገር አዛዥ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምረን መምህር እስጢፋኖስ ነበር። ረጅም፣ ዘወትር ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ፣ የሎሚ ሽቶ የሚቀባ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ዳስ ሥር ሰብስቦን ጥያቄና መልስ ያስጠናናል። ጥምቀት ምንድን ነው ይላል፤ በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ሕፃን ሳይጠመቅ ቢሞት የት ይሄዳል ይላል፤ ሊምቦ እንላለን። ሊምቦ ስቃይ የሌለበት፣ ግን እግዚአብሔር የማይታይበት ቦታ ነው ብሎ አስረድቶናል። እኔ ወደ ራሔይታ በሚወስደው መንገድ ዳር የተዘረጋውን የጨው ሜዳ ይመስለኝ ነበር። ነጭ ነው፣ ማንም የለበትም፣ ምንም አይበቅልበትም። ሕፃናቱ እዚያ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ይታየኝ ነበር።

በዚህ በሊምቦ ጉዳይ መምህሩን የሚሞግተው ጋሽ ሀብቴ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በወጣትነቱ ቅስና ሊማር ሴሚናሪ ገብቶ ያቋረጠ ሰው ነው። እሁድ ከጸሎት በኋላ ሁለቱ በር ላይ ይገጥማሉ፤ ወንዶቹ ኳስ እንደሚያይ ሰው ከበዋቸው ይቆማሉ። ጋሽ ሀብቴ ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ማን አጠመቀው ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ያ ከጌታ አፍ የተሰጠ ልዩ ጸጋ ነው፣ ለእኛ የተሰጠችን ቤተ ክርስቲያን ናት ብሎ ይመልሳል። ጋሽ ሀብቴ ዛሬ ሮም ያሉ ሊቃውንት እንደዚያ አይሉም ሲል፣ መምህሩ ሮምን ለሮም ተወውና ያስተማሩህን ያዝ ይላል። አባዬ እየሳቀ ቤት ይመጣና ማን እንደረታ ለእማዬ ይነግራታል። ያን ጊዜ እማዬ እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ትሰማዋለች።

ምጧ የመጣው ጊዜው ሳይደርስ፣ በሐምሌ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያሳብድበት ወቅት ነው። አባዬ ጠዋት ወደብ ሄዷል። አዋላጇን ልጠራ ሮጬ ሄጄ ሌላ ሰፈር ወጥታ አጣኋትና መልእክት ትቼ ተመለስኩ። ስመለስ እትዬ ዘሐራ እጅጌዋን ሰብስባ እማዬ እግር ሥር ተንበርክካለች። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ውዱእ ልታደርግ ስትል ጩኸት ሰምታ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በቀዳዳዋ ገብታ ነው። እኔ ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ቆምኩ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ውጪ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም። ከሁለት መዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እትዬ ዘሐራ ጀርባዋን ስታሽላት አንዴ አቃሰተች፣ ደረቷም ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። እማዬ ከትራሷ ቀና ልትል ሞክራ አልቻለችም፤ ደም እየፈሰሳት ነበር።

«ዘሐራ፣ ውሃ አፍስሺባት» አለች። «የምልሽን በይ። ስሟ ማርታ ነው።»

እትዬ ዘሐራ ደነገጠች። እኔ ማን ነኝና፣ ኃጢአት አይሆንብሽም ወይ አለቻት። እማዬ አይሆንም፣ ቶሎ በይ አለች። እትዬ ዘሐራ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ቀጭኗ ውሃ በዚያች ሎሚ በምታክል ራስ ላይ ወርዳ በጆሮዋ በኩል ስትንጠባጠብ አይቻለሁ። እማዬ የጥምቀቱን ቃል በቁርጥራጭ ትናገራለች፣ እትዬ ዘሐራ እየተከተለች ትደግማለች። ሲያበቁ እማዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ለቀቃት። ማርታ ከዚያ በኋላ እናቷ ደረት ላይ ጥቂት ቆየች። አዋላጇ ስትደርስ የተረፈው ሥራ እማዬን ማዳን ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሐዘን ነው፤ ሐዘን ያማል እንጂ አይቀፍም። የሚቀፈኝ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው።

አባዬ ከወደብ እንደመጣ ስለ መቃብሩ ለመነጋገር መምህር እስጢፋኖስን ጠራው። ጋሽ ሀብቴም ሰምቶ መጣ። ማርታ በነጭ ነጠላ ተጠቅልላ እኛ እራት የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። መምህሩ ሲገባ የሎሚ ሽቶው ከላቡ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሞላው። ወንበር ስቦ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፣ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካለ ብሎ ጠየቀ። አመጣሁለት። ከሬሳዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጉሮሮው እየተንቀሳቀሰ ጠጣ። ከነጠላው ላይ የተነሳ ዝንብ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አረፈ፤ በእጁ እሽ ብሎ መጠጣቱን ቀጠለ።

ከዚያ እትዬ ዘሐራን አስጠራት። በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ያላት፣ ተቀመጪ ያላት የለም። ቀሚሷ ላይ የእማዬ ደም አልደረቀም። ውሃው ፈሰሰ ወይስ አረጠባት ብቻ ብሎ ጠየቃት። ፈሰሰ አለች። በራስ ቅሏ ነው ወይስ በግንባሯ ብቻ? በራሷ። ያን ጊዜ ትተነፍስ እንደነበር በምን አወቅሽ? ደረቷ ሲንቀሳቀስ። ቃሉን ድገሚልኝ አላት፤ አንድም ሳታጎድል ደገመችለት። ከዚያ በፊት ምን አልሽ አላት።

«ቢስሚላህ አልኩ» አለች። «ምንም ነገር ስጀምር እላለሁ።»

መምህሩ ወደ ኋላው ተደገፈ። ያገኘውን ነገር አጥብቆ እንደያዘ ሰው ፊቱ ፈካ። በሥላሴ ታምኛለሽ ብሎ ጠየቃት። እሷም «እኔ እስላም ነኝ፣ መምህር። እናቷ ለመነችኝ፣ ያለችኝን አደረግሁ» አለች። ጨርሶ አመስግኖ እንኳ አላሰናበታትም፤ ፊቱን ወደ አባዬ አዞረ። በሥላሴ የማታምን ሴት፣ በሌላ ጸሎት ጀምራ፣ ለሌላ ጸሎት በተቀዳ ውሃ ያደረገችው ነገር ጥምቀት መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ በጥርጣሬ ደግሞ የተባረከ መሬት አይቆፈርም አለ።

ጋሽ ሀብቴ ይህን ይጠብቅ ነበር። በጭንቅ ጊዜ ማንም ሰው፣ ያልተጠመቀ ሰው እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን አደርጋለሁ ብሎ ካጠመቀ ጥምቀቱ ይጸናል አለ፤ እምነቷ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ሐሳቧ ነው። መምህሩ የት ተጽፎ አለው። ጋሽ ሀብቴም አንተ በማታነበው ቦታ ሲል መለሰ። መምህሩ ቤተ ክርስቲያን የሾመችው እኔን ነው፣ አንተ ጀምረህ የተውክ ሰው ነህ አለ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ጋሽ ሀብቴ ከእኛ ወገን ነበር፤ የተናገረውም ትክክል ነበር። ግን እንደ እሁዱ ዓይኑ ያበራ ነበር። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ሲናገር ነጠላው ይነቃነቃል፣ እሱ አላየውም። ደስ ብሎታል። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ልጅ ሆኜ እንኳን ይህን አይቼ ምራቄ መረረኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ወደ እማዬ ገባሁ። ሁሉንም ትሰማለች። ጡቷ ወተት አግቶ ቀሚሷ ፊት ለፊት ርሷል፤ በዚያ ሙቀት ወተቱ ወዲያው መኮምጠጥ ጀምሯል። አባዬ አንድ ቃል እንዲናገር እንደምትጠብቅ ገብቶኛል።

አባዬ ተናገረ። «አባ እስኪመጡ መምህሩ ያሉት ይሁን» አለ።

ጋሽ ሀብቴ ተቆጣና መጽሐፍ ላምጣ፣ በጽሑፍ አሳያችኋለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እሱ እንደወጣ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሲሰማ የቆየው ጋሽ ሰኢድ ወደ አባዬ ቀረበ። በዝግታ፣ እንዳያስቀይመው እየፈራ፣ እኛ ዘንድ ሕፃን ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ከፈቀዳችሁ ከእኔ ልጆች ጎን ትረፍ አለው። እሱም ሁለት ልጆች ቀብሯል። አባዬ መሬት መሬት እያየ አይሆንም በማለት ራሱን ነቀነቀ።

የካቶሊኮቹ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ነበረው። ውስጡ ተጠርጓል፣ መስቀሎቹ በኖራ ተቀብተዋል። ውጭው ጨዋማ አሸዋ፣ የፍየል በጠጥና ንፋስ ያከማቸው ፌስታል ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባዬ ማርታን ታቅፎ፣ ጋሽ ሰኢድ አካፋ ይዞ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። መምህሩ ከእኛ ጋር መጣ። ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ከዚህ ወዲያ ብሎ በጃንጥላው ጫፍ አሸዋው ላይ ምልክት አደረገ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ። አባታችን ሆይ እንኳ አልተባለም። ጋሽ ሰኢድ ውሾች እንዳያወጧት ብሎ ከባሕሩ ዳር እየተመላለሰ ድንጋይ ተሸክሞ ከመረባት። መዳፉ ሲደማ አየሁት። መምህሩ በመሐረቡ አፍንጫውን ይዞ ነበር፤ ሽታ ግን አልነበረም። ሞታ የዋለችው ግማሽ ቀን ነው፣ ምንም አትሸትም ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሀብቴ ከፊት ለፊታችን እየሮጠ መጣ። ወፍራም መጽሐፍ ይዟል፣ ጣቱን ገጹ መካከል ሰክቷል። «አገኘሁት» አለ በፈገግታ። አባዬ አካፋውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አልፎት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ቅዳሜ አባዬ እንደወትሮው ለትምህርት ላከኝ። መምህሩ ያንኑ ሽቶ ተቀብቶ፣ ያንኑ ጥያቄ በተራ ይጠይቃል። ሕፃን ሳይጠመቅ ቢሞት የት ይሄዳል ሲል ልጆቹ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደምኳቸው።

«ከአጥር ውጭ» አልኩ።

ድፍረት ፈልጌ አልነበረም፤ ያየሁት መልስ ያ ስለሆነ ነው። መምህሩ አየኝና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ሽቶው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ከዳሱ ወጥቼ አስመለሰኝ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ለትምህርቱ አላስገደደኝም።

አባ ያዕቆብ የመጡት ሙቀቱ ጋብ ሲል ነው። ለቅዳሴ ሲዘጋጁ ነገሩን ሰምተው ወዲያው ቤታችን መጡ። እትዬ ዘሐራን ራሳቸው አጠገባቸው አስቀምጠው ጠየቋት፤ እጇን ይዘው አመሰገኗት። ከዚያ ማርታ እንደ ማንኛችንም የተጠመቀች ናት፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ይህን ነው፣ አጽሟ በጸሎት ወደ አጥሩ ውስጥ ይግባ አሉ። መምህሩ አብሯቸው ነበር። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለግሁ፤ አጣሁ። «ቤተ ክርስቲያን ካለች አሜን» አለ፣ ብርጭቆ ሻይ ያቀረቡለት ያህል በቀላሉ። ያን ቀን ማርታ ላይ በር የዘጋውም በዚያው ድምፅ ነበር። ከክፋቱ ይልቅ የሚዘገንነኝ ያ ቅልጥፍናው ነው።

አባዬ ተነስቶ አካፋ ሊፈልግ ወጣ። እማዬ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«አባ፣ ዘሐራ ባትደርስስ ኖሮ?» አለች። «ውሃው ባይነካትስ?»

አባ ያዕቆብ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊዋሹላት አልፈለጉም። እንደዚያ ያሉ ሕፃናትን ለእግዚአብሔር ምሕረት እንተዋቸዋለን አሉ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተዋችኋትም?» አለች እማዬ።

እማዬ ልጄን ደግማችሁ አትቆፍሯትም፣ ሰኢድ የከመረላት ድንጋይ ይበቃታል አለች። አባዬ በር ላይ አካፋውን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። ያን ጊዜ አላሳዘነኝም፤ አሁን አሁን ነው ትንሽ የሚያሳዝነኝ። አባ ያዕቆብ ብቻቸውን ሄደው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጸለዩላት። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም። አባዬ እሁድ እሁድ ብቻውን ይሄዳል፤ ስለ ክርክር ግን ዳግመኛ አላወራም።

ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ሲገጥሙ እንደ ብዙው የአማርኛ ተናጋሪ አሰብን ለቀን ወጣን። የምንችለውን ያህል ተሸከምን፤ ማርታ እዚያው ቀረች። ድንጋዮቹ ይኑሩ፣ ንፋሱ አሸዋ ያልብሳቸው፣ አላውቅም። እትዬ ዘሐራና ጋሽ ሰኢድ ኮምቦልቻ ገቡ። እሷና እማዬ ዛሬም ለኢድና ለገና ይደዋወላሉ፤ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ከሞተ ቆየ።

አምና ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ ካቶሊክ ስለሆነ ክርስትና ከማስነሳታችን በፊት ለወላጆች የሚሰጠውን ትምህርት ሄደን ተካፈልን። አስተማሪው ወጣት ካህን ነው፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ለጥያቄ የማይቸኩል። እጄን አውጥቼ ስለ ሊምቦ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ አይዞሽ፣ እሱ መቼም ቢሆን የቤተ ክርስቲያን የታወጀ ትምህርት አልነበረም፣ የሊቃውንት አስተያየት ነበር፣ ዛሬ ማንም አያስተምረውም አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። አጠገቤ ያሉት ወላጆች እፎይ አሉ። እኔ ግን ያ የሎሚ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ሸተተኝ። አስተያየት። ያ ሁሉ የጠረጴዛ ድብደባ፣ የእማዬ የኮመጠጠ ወተት፣ የጋሽ ሰኢድ የደማ መዳፍ ለአስተያየት ኖሯል። ድሮ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የወረደብን ነገር ዛሬ በፈገግታ ተነሳ፤ ሲነሳም ከሥሩ ማን እንደተቀበረ ዝቅ ብሎ ያየ የለም።

ቤት ስገባ እማዬ ልጄን በሳፋ እያጠበቻት ነበር። ካህኑ ያለውን ነገርኳት። ልጄንም አላስጠምቅም፣ አንጀቴ እምቢ አለ አልኳት። እማዬ ልጅቷን አንገቷ ሥር ደግፋ፣ በሌላ እጇ ሳሙናውን ከራሷ ላይ ቀስ ብላ አጠበች። ይቅርታ ያለ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ፎጣ አቀብዪኝ አለች፤ ልጅቷን ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

«አስጠምቂያት» አለች። «እግዚአብሔርስ ሳይጠይቅ ያውቃታል። የሚጠይቃት ሰው ነው።»